የአባዬ ቀኝ ፊት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ እንደወትሮው። ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አሁንም ጉርድ ፎቶ። አንዱ ሰውዬ ጆሮዬን አሳንስልኝ ብሎ ችክ አለ። አሳነስኩለት፤ ምን ቸገረኝ።

አለቃዬ ከመሳቢያ አሮጌ ፕራይም ሌንስ አውጥቶ እስቲ ሞክረው አለኝ። ዙም የለውም፤ አያቀርብም፣ አያርቅም። ማቅረብ ከፈለግክ በእግርህ ሂድ አለኝ። ስንት ዓመት ፎቶ አንሺ ነኝ እያልኩ እንዲህ ዓይነቱን ነክቼ አላውቅም። ያሳፍራል።

ቤት ስገባ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ስትሮኩ ግራ ፊቱን ቁልቁል ከጎተተው ወዲህ ሰው እንዲያየው አይፈልግም። እሱም ራሱን አላየም፤ እህቴ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት የነቀለችው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰውን መስታወት ፊት እያቆመ ትከሻ ሲያስተካክል የኖረ ሰው... አይዞህ አልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ኩባያ አነሳሁ። ወንበር። የእህቴን ጫማ። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ጥግ ድረስ ሲከፈት አንዲት ስስ ቦታ ብቻ ትጠራለች፤ ከፊቷና ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። የኩባያው አፍ ሲጠራ እጀታው ጠፋ። እህቴ አየችና፣ ሰው ማንሳት አቅቶህ ነው ወደ ዕቃ የዞርከው? አለችኝ። ሳቅን። እዚህ ቤት ከተሳቀ ቆይቷል።

እሑድ፣ የካቲት 9

አባዬን አነሳሁት።

እህቴ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። እምቢ ይላል ብዬ ስፈራ እንደተቀመጠ ቆየልኝ። በዙም ቢሆን በሩ ላይ ቆሜ እጨርስ ነበር። በዚህኛው ሌንስ ግን ጉልበቴ ጉልበቱን እስኪነካ መጠጋት ነበረብኝ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከታመመ ወዲህ ይሄን ያህል ተጠግቼው አውቃለሁ? የምታጥበው፣ የምታጎርሰው እህቴ ናት። እኔ በር ላይ ቆሜ አይዞህ ባይ ነኝ።

ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ፎከሱ ቀኝ ዓይኑን ያዘ። ግራው ከነተንጋደደ ከንፈሩ ጉም ሆኖ ቀረ። የድሮው አባዬ... ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አሳትሜ ሰጠሁት። በደህናው እጁ ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ ምላሱ እየተሳሰረ፣ "ይሄን ያህል ብቻ ነው እንዴ? እኔ እኮ የባሰ መስሎኝ ነበር" አለ።

እህቴ አየችኝ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ...

"ነግሬህ የለ" አልኩት።

ምን ነክቶኝ ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አባዬ ሌላ ሰው ሆኗል። እንቅስቃሴ የምታሠራው ነርስ ስትመጣ እጁን ራሱ ዘረጋላት። ፎቶውን አሳያት፤ ደግ ናት፣ ያምራል አለችው። ምሳውን በገዛ እጁ በላ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፣ ግን በላ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ካልሄድኩ ብሏል። እዚሁ ይምጣልህ ብንለው፣ እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ እንዴ አለን።

እህቴ ማድ ቤት ጎትታ አስገባችኝ። "ዛሬውኑ ንገረው። ያሳመንከው አንተ ነህ።"

ነገ አልኳት። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሌንሱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም ልበለው? ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎት...

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አልነገርኩትም።

ስለ ደረጃው አሰብኩ። ስለ ጫማው፣ ስለ ታክሲው። ፀጉር ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩ ላይ ስንደርስ ነው። እንመለስ ብለውም ክንዴን ገፋ አድርጎ ገባ።

ተቀመጠ። ቀና አለ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። አባዬ ጣቱን አንስቶ ግራ ከንፈሩን ነካ፤ የራሱ መሆኑን ማረጋገጥ የፈለገ ይመስላል። ከዚያ ቁረጥ አለው። ሰውዬው ቆረጠ። አባዬ አመሰገነ። እኔ ኮቱን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ።

ታክሲ ውስጥ፣ "ሌንሱ ነው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ።"

"ጥሩ ሌንስ ነው።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሌንሱን መለስኩ። አለቃዬ እንዴት ነበር አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። ነርሷ ስትመጣ አባዬ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አላወጣም። ለመነችው። እህቴም ለመነችው። እኔ በምን አፌ?

እሑድ፣ የካቲት 23

ዛሬ ቁርሱን እኔ ነኝ ያበላሁት። ተጠግቼ ሳየው የግራ ከንፈሩ ጫፍ ቀና ብሏል። ትንሽ። ተሳስቼ እንዳይሆን ደጋግሜ አየሁ። አልተሳሳትኩም።

"አባዬ፣ ከንፈርህ እኮ ተሽሎታል" አልኩት። "እውነቴን ነው።"

ማኘኩን አቆመ። ወደ እኔ አላየም። ድምፁን ከፍ አድርጎ እህቴን ጠራት። እጇን እየጠረገች መጣች።

"እውነት ነው?" አላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እንጃ አባዬ" አለችው።