የአክስቴን ስም ለእንግዳ ለሰጡት ክቡር መዝጋቢ

ለክቡር አቶ ኮጆ ትዌኔቦዋ
የንግድ ስምና ምልክት መዝገብ ቤት ኃላፊ
ኩማሲ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከጠረጴዛዎ በስተቀኝ ያለው ቴሌቪዥንም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። የወገብ ሕመምዎም እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ስንገናኝ ቀና ብለው እንዳያዩኝ የከለከለዎ እሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁና።

አፊያ ብሬንያ እባላለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ በኤጂሱ ዙሪያ ላሉ ነፍሰ ጡሮች የክትትል ቀናቸውን በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ስሙ ቢራጎ ነው። ቢራጎ አክስቴ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆና ኖራ ሞተች፤ በዚያ አገር “ቢራጎ ነይ ብላለች” ከተባለ ቤቷ የምትቀር ሴት አልነበረችም። ለሙከራ ያለ ስም የላክናቸውን መልእክቶች ሴቶቹ የአጭበርባሪ ነው እያሉ ያጠፏቸው ስለነበር ይህን ስም መረጥን። ከዚህ በታች ያሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በትዕግሥት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ መሆኑን በትሕትና አምናለሁ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ የተወለደ ልጅ እስከ ስምንተኛው ቀን ገና መንገደኛ ነው፤ ይቆይ ይመለስ ስለማይታወቅ ስሙ ከአፍ አይወጣም፣ በወረቀትም አይሰፍርም። እኛም ይህንኑ ደንብ ጠብቀን፣ ፕሮግራሙ ባለቀ በስምንተኛው ቀን ማለዳ ሰፈሩን ግቢያችን ሰበሰብን። አጎቴ ኦፖኩ ጣቱን አንዴ ውሃ፣ አንዴ አረቄ ውስጥ እየነከረ ፕሮግራሙ ያለበትን ስልክ ቀባና “ውሃ ስትዪ ውሃ ይሁን፣ አረቄ ስትዪ አረቄ ይሁን! ስምሽ ቢራጎ ነው!” እያለ፣ እውነት ብቻ እንድትናገር እያዘዘ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጓደኛዬ “ኧረ አባባ፣ ስልኩን አሰከሩት!” ብትል ግቢው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ማንም ያልጠራው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። በስም ማውጫ ቀን የመጣ ሰው ከበር አይመለስምና፣ በዘይት የታሸ ቦዬና እንቁላል ሁለት ሳህን በልቶ፣ የአክስቴን ስም አጻጻፍ እናቴን ጠይቆ፣ አመስግኖ ሄደ። የላከውን ድርጅት ስም እዚህ ልጠቅስ አልደፍርም፤ በሕግ የተጠበቀ ነው። እንግዳው ልበለው።

ሁለተኛ፣ እንግዳው ከግቢያችን የወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በማመልከቻው ላይ ያረፈው ማኅተምዎ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። ለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከቀትር በኋላ እኔ ቅጼን ይዤ ስቀርብ ግን ኳስ ላይ ነበሩ። “ልጄ፣ ስም ምን ጠፋ? ቀድሞ የመጣ ባለቤት ነው። ሌላ ምረጪ” አሉኝ፤ ይህን እያሉም ሦስት ማመልከቻ ሳያነቡ ፈረሙ። በሚቀጥለው ወር ጡረታ እንደሚወጡም ነግረውኝ፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተደገፈውን “ትዌኔቦዋ የማማከር ቢሮ” የሚል አዲስ ሰሌዳ በአገጭዎ አሳዩኝ። “አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ሠላሳ ዓመት አላቆሸሽኩትም” ያሉኝ ልቤን ነክቶታል።

ሦስተኛ፣ እንግዳው በጻፈልን ደብዳቤ ቢራጎ የሚለውን ስም “ከሚታይበት ስፍራ ሁሉ” እስከ ሐሙስ እንድናነሳ አዞናል። አጎቴ ኦፖኩ የአክስቴን የመቃብር ድንጋይ በጨርቅ እንሸፍነው ወይስ እንፋቀው ብሎ ይጠይቃል። መመሪያ ቢሰጡን እንታዘዛለን።

ለሚቀጥለው ቅሬታ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። እርስዎ በፈረሙለት ወረቀት መሠረት የእኛ መልእክት በዚያ ስም እንዳይወጣ ታገደ፤ በምትኩ የእንግዳው መውጣት ጀመረ። “ከቢራጎ” ይላል። “ወደ ክሊኒክ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ዱቄታችንን በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ” ይላል። ዳርኮዋ የምትባል ሴት በስምንተኛ ወሯ እግሯ አብጦ፣ ዓይኗ እየጨለመባት ዘጠኝ ቀን ቤቷ ተቀመጠች። እህቷ እንሂድ ብላ ስትለምናት “ቢራጎ ራሷ አትምጪ ብላኛለች፤ አንቺ ከሷ ታውቂያለሽ?” ነበር መልሷ። ራሷን ስትስት በሞተር ብስክሌት ሆስፒታል አደረሷት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት አልነቃችም። ያው መልእክት ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ደርሷል። በየቤቱ እየዞርን እየነገርናቸው ነው፤ ግማሾቹ እኛን አያምኑንም። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ምዝገባውን በአንድ ፊርማ ማገድ ይችላሉ፤ ይህን አንዱን እንኳ አንብበው ይፈርሙ።

ከኳሱም ከሰሌዳውም የተረፈች ደቂቃ ብትኖርዎ ለእኛ እንደሚያውሏት በመተማመን፣ ከወንበርዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አፊያ ብሬንያ
ለጊዜው በገዛ ስሟ የምትጠራ

ግልባጭ፦
— ለዳርኮዋ፣ ሆስፒታል፤ ስትነቃ የሚነበብላት

ማሳሰቢያ፦ በምክርዎ መሠረት ሌላ ስም ልመርጥ ትናንት መጥቼ መዝገቡን ገልጬ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በማማከር አገልግሎት ዘርፍ፣ “ትዌኔቦዋ” የሚል ስም ተመዝግቦ አገኘሁ። ባለቤቱ እንግዳው ነው፤ ቀኑ ኳስ ሲያዩ የነበሩበት ቀን ነው፤ ከሥር ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ሰሌዳውን እስከ ሐሙስ እንዲያነሱ የሚያዝዝ ደብዳቤ ሳይደርስዎ አይቀርም። አይዘኑ፤ ስም ምን ጠፋ? ሌላ ይምረጡ።