ከእኔ የተደበቀው እብጠት

ኅዳር 14 ቀን

ልጄ፣ የእኔ ዓለም፤ ያለሽበት አገር ብርዱ እንዳይጎዳሽ እያሰብኩ እጽፍልሻለሁ።

ሆዴ ውስጥ ያበጠው ካንሰር እንዳልሆነ እናትሽ በስልክ ነግራሻለች። ካንሰር መባሉን ግን እኔም ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ይህን አልነገረችሽም፤ አታውቅማ።

የገባኝ ጭቅጭቋን ስታቆም ነው። ልብስ ስሰፋ ውዬ ወለሉን በጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልቼው «ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ስትለኝ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ለእኔ ጨጓራ ነው ተብሎ ነበርና አንቺም «አባዬ፣ ጨጓራህ እንዴት ነው?» ስትዪኝ ድምፅሽ ይቆራረጥ ነበር። ኔትወርኩ ነው አልሽ። ኔትወርኩ ነው አልኩ።

ሐኪሟ ዘንድ ስንሄድ እናትሽ ትገባለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። ሲቲ ስካኑን ያየ ሁሉ ካንሰር ነው ስላለ የቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆርጦ ነበር። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ግን ካንሰር አልተገኘበትም። በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ግራ ገብቷት «የዋጡት ነገር ነበር?» ብላ እናትሽን ጠየቀቻት። «ኧረ ምንም!» አለች እናትሽ፤ ስለ እኔ ሆድ መላሿ እሷ ናትና።

አንድ ቀን እናትሽ ፋርማሲ ወረፋ ላይ ሳለች ሐኪሟ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ሹል ነገር የዋጡበት ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

«ስቴኪኒ ውጫለሁ፣ ዓምና። ባለቤቴ ስፒል በአፍህ አትያዝ ብላ ስትከለክለኝ፣ ስሰፋ ስቴኪኒ መንከስ ለመድኩ። አንድ ወፍራም ደንበኛ የለካው ሱሪ አልወልቅ ብሎት ሲዘል፣ ስስቅ ወረደ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ተነሥታ ሄደች። እንደገና ናሙና አስወሰደች፣ ቢጫ ቅንጣቶች ተገኙበት። አፍ ውስጥ ሰውን ሳይጎዳ የሚኖር ባክቴሪያ ነው አለችኝ። እንጨቱ አንጀቴን ሲወጋው መንገድ አግኝቶ ገባና ዕጢ መስሎ አደገ። ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ አያየውም አሉ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ፤ አሁን ፔኒሲሊን በደም ሥሬ ይሰጡኛል፣ ከዚያ ለወራት ኪኒን ነው።

እናትሽ ውጤቱን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። «ካንሰር ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «እውነት? ምነው ሳትነግሪኝ!» አልኳት። እንዳታሳብቂብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን አሳርፋ ብቻዋን የተሸከመችው ይምሰላት።

ለመሆኑ ፈቃድ የሚሰጡሽ መቼ ነው? ነይ ማለቴ አይደለም። ኮት ልሰፋልሽ አስቤ የትከሻሽ ልክ ጠፋብኝ። በስልክ ደግሞ አይሆንም፤ በእጅ ነው የሚለካው።

የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ