ሲሞቅ የሚጠፋው ድምፅ

ውድ እህቴ አልታዬ፣

እንደምን ነሽ ብዬ መጀመር አልችልም። እኛ ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት። መካነ ሰላም ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል።

የምጽፍልሽ የአለምነው አምፕሊፋየር ተመልሶ ሱቄ ስለመጣ ነው። ታውቂዋለሽ፤ ሠርግ ላይ የሚያከራየው፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ አራት የመስታወት ቫልቮች ያሉት አሮጌ ጀርመን ሠራሽ። ክዳኑን ስከፍት ገርሞሽ፣ ይሄ የድምፅ ማጉያ ነው ወይስ ምድጃ ብለሽኝ ነበር።

በሽታው ያው የድሮው ነው። ሲበራ ደኅና ይናገራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሲሞቅ ድምፁ መንኮሻኮሽ ይጀምርና ጭራሽ ይጠፋል። አጥፍተሽ ሲቀዘቅዝ እንደገና ደኅና ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት ከሁሉ ያስቸግራል። እስኪመጣ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ፤ በመጣበት ቅጽበት ካልያዝሽው ያመልጥሻል።

በ1995 ሰኔ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። ፊውዙን አየሁ፣ የሚገባውን ኃይል በቴስተር ለካሁ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ቀያየርኩ። ስሠራ ግራ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ያ ማሽን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ይቆያል፤ በሁለት እጅ የነካው እንደሆነ በልቡ በኩል ያልፋል። በዚያ ሰሞን መብራት ጠዋት መጥቶ ቀትር ሳይሆን ይሄድ ስለነበር እጣደፍ ነበር።

ሐሙስ ዕለት መንኮሻኮሹ እንደጀመረ ጆሮዬን አስጠግቼ ቫልቮቹን በእርሳስ መታ መታ ሳደርግ፣ ጋሹ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ጋሹ የስልክ ቤቱ ጥሪ አድራሽ ነው። ብጣሽ ወረቀት ይዞ፣ "ፈንታሁን፣ ፈርሂያ ጀብሪል የምትባል ታውቃለህ? ለቤተሰቦቿ ስልክ ተይዟል" አለኝ።

ቀና አላልኩም።

"አላውቃትም። እስቲ መስጊዱ ሰፈር ጠይቅ" አልኩት።

ጋሹ ሄደ። እኔ ቫልቮቹን መምታቴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱም ሄደ።

ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነበርኩ፣ አልታዬ። ደላላው በክርስቲያን ስም ሳዑዲ መሄድ አይሆንም ሲለን፣ እዚሁ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ፎርሙን ዘርግቼ፣ ከክፍል ጓደኛሽ ፈርሂያን፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ጀብሪል የአባት ስም ተዋስኩና በገዛ እጄ ጻፍኩት። አንቺ ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ ታይኝ ነበር። "አንተ ግን በዚህ ስም እንዳትጠራኝ" አልሽኝ። አልጠራሁሽም። በምትልኪው ካሴት ሁሉ "አልታዬ ነኝ" ብለሽ ነበር የምትጀምሪው። ያንን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ሸኘሁትና ረሳሁት።

ከዚያ ሰኔ በኋላ ካሴትሽ ቀረ። አሠሪዎቿ ከልክለዋት ይሆናል ተባባልን። ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ እያልን ቆየን። ከዚያ የወረኢሏ ሀጀራ ከጅዳ ተመልሳ፣ ሰው ጠይቃ ሱቄ መጣች።

"የፈርሂያ ወንድም አንተ ነህ?" አለችኝ።

አላውቃትም ልላት አፌን ስከፍት ፎቶሽን ዘረጋችልኝ።

ሆስፒታል አብራሽ እንደነበረች ነገረችኝ። ስልኩን የደወለችው እሷ ናት፤ አንቺ መቀመጥ አቅቶሽ ነበር። የምታውቀው ፈርሂያን ስለሆነ ያንኑ ስም አስመዘገበች። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሳ ስትደውል የሚያውቃት ጠፋ አሏት። ይህን ስትነግርሽ፣ "ስሜ አልታዬ ነው። ነገ በሱ ደውይላቸው" አልሻት። ለነገ አልደረስሽም። እዚያው በፈርሂያ ስም ቀበሩሽ።

አላለቀስኩም። ለሀጀራ ሻይ አዘዝኩላት። ከሰዓት በኋላ የሰው ራዲዮ ጠግኜ አስረከብኩ። ለቅሶው ላይ ሰዎች ሲያቅፉኝ የሌላ ሰው ገላ የነኩ ይመስለኝ ነበር። እስካሁንም እንደዚያው ነኝ። እበላለሁ፣ ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

እማዬ ሀጀራ ያወራችውን ሁሉ ሰምታለች። ከሁሉ አንዱ ብቻ አልወጣላትም። "ማናት፣ ከየት ነው የደወለችው ብሎ እንኳ ያልጠየቀውን ሰው እግዜር ይየው። እስቲ ልጄ፣ ስልክ ቤት ሄደህ ማን እንደሆነ አጣራልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። አራት ዓመት እሺ ስላት ኖርኩ። ጋሹ በሱቄ በር ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ አንድም ቀን ነገሩን አላነሳውም። ያን ቀን ብዙ ቤት ስለዞረ ረስቶት ይሆናል። ላይረሳውም ይችላል።

ትናንት የአምፕሊፋየሩን ብልሽት አገኘሁት። ሦስተኛው ቫልቭ የሚሰካበት ሥር ያለ ብየዳ ነው። ላዩን ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ ሲሞቅ ሽቦው ይለቃል። ቀደም ሲል ሽቦ ስቀይርለት እኔው የበየድኩት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የፋብሪካውን ሥራ ሁሉ ስጠረጥር የራሴን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። አጽድቼ እንደገና በየድኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ፣ አልጠፋም። ክዳኑን ልገጥም ስል ብሎኑ አመለጠኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። እዚያው ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ጋ ሄጄ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ አልኳት። ቀና እንኳ እንዳላልኩም ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ "እኔንም ቢጠይቁኝ አላውቃትም ነበር የምለው" አለችኝ። ቀጥላ፣ "አንተ ግን ጽፈኸዋል" አለች።

ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ነገም እሄዳለሁ፤ ባታናግረኝም በሯ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወደ ስልክ ቤት እሄዳለሁ። ለጋሹ ያኔ መስጠት የነበረብኝን መልስ እሰጠዋለሁ፤ ዘግይቷል፣ ግን ይስማው።

ደኅና ሁኚ፣ አልታዬ።

የፈርሂያ ጀብሪል ወንድም፣
ፈንታሁን ዋለ