ንስሮቹን ለቆለፉብን ለእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ፣ በጉለሌ ከዊንጌት ከፍ ብሎ ላለው ሰፈራችን እድር ሊቀመንበርና የአዳራሹ ብቸኛ ቁልፍ ያዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ስኳርዎስ ረገብ አለልዎ? እኛ አዳራሹ ደጃፍ ቆመን ከእንጦጦ የሚወርደውን ንፋስ በነጻ እየተቀበልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በሩ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ እንዳይመስልዎ፤ መቆለፉን ለማረጋገጥ በየቀኑ ብቅ ስለሚሉ ቶሎ ያነቡታል ብዬ ነው።

አላፊ አግዳሚው እንዲረዳን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእድራችን ጸሐፊ ሲና በአዳራሹ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት የአሜሪካ ንስሮችን ጎጆ ከፍታልን ነበር። ራሳቸው ነጭ የሆነ ባልና ሚስት ንስሮች ዛፍ ጫፍ ላይ ሁለት እንቁላል ታቅፈዋል፤ አጠገባቸው የተተከለው ካሜራም ያለ ማቋረጥ ያሳያቸዋል። ከቅዳሴ መልስ ጎራ እያልን ማየት ለመድን። አንዱ እንቁላል ተፈልፍሎ ሁለተኛውን ስንጠብቅ ነው እርስዎ ቁልፍ ይዘው የመጡት። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፤

፩. አባትየው ንስር በዐቢይ ጾም መሐል ዓሣ ይዞ ከተፍ ሲል፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሥቶ እነ ማሚቴና እነ ዓለሜ መኮራረፋቸው እውነት ነው። ፕሮቴስታንቶቹ እነ ሲና ባይገላግሉን ኖሮ ወንበር ይሰበር ነበር። ነገር ግን ይህ ጭቅጭቅ ከእኛ ጋር ያረጀ ነው፤ የራሳችንን ጠብ በአንድ እንግዳ ወፍ ላይ ማላከክ ትንሽ አልከበደዎትም?

፪. «ጾመኛ ፊት ምግብ አይታይም» ብለው መወሰንዎ ለነፍሳችን ከማሰብ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ላይ የሚያርፉት የእኛው ጭላቶችም ጾም የሚባል ነገር አያውቁምና፣ በዚያው ጠርተው ቢመክሩልን ደስ ይለናል።

፫. «አዳራሹ የሐዘን እንጂ የሲኒማ አይደለም» ብለዋል። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ጋሽ መዝገቡ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌረዳ ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣቱንም ከሰው መነጋገሩንም ትተው እንደነበር ያውቃሉ። ሲና ለምና ያመጣቻቸው ዕለት፣ ወንዱ ንስር ሚስቱን አስነሥቶ በተራው እንቁላሉን ሲታቀፍ አይተው «ጎበዝ! አሳርፋት እንጂ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ናፍቆን ነበርና እኔ በበኩሌ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ጋቢያቸውን ለብሰው ሁላችንንም ቀድመው ይመጡ ጀመር። አሁን ተመልሰው ተኝተዋል። ሲና በስልኳ ልታሳያቸው ብትሄድ «ከሰው ጋር ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንጀቴን በሉት።

እድራችን ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚደርስ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ እርስዎም ላብዎን እየጠረጉ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ማየት ያኮራል። ጋሽ መዝገቡ ግን ገና በሕይወት ስላሉ በመተዳደሪያ ደንባችን የሚገባቸው ነገር ያለ አይመስልም። እንደው ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀደም ብለን ብንደርስስ? ቁልፉን ከማዞር ሌላ ድካም የለውም።

በጎ ፈቃድዎን ደጅ እየጠናሁ፣ ረጅም ዕድሜ ከሰፊ ልብ ጋር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከነሙሉ አክብሮቴ እጅ እነሣለሁ።

በብርድ የምትጠብቅዎ ጎረቤትዎ፣
ደሳለች

ማስታወሻ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ በተቆለፈው አዳራሽ ውስጥ የእርስዎን የመሰለ ድምፅ «አይዞህ! ቅርፊቱን ስበረው! ስበረው!» እያለ ሲጮኽ ማሚቴ በመስኮቱ በኩል ሰምታለች። እኔ እንኳን አላመንኩም፤ እርስዎ በጾም እንዲህ ያለ ነገር አያዩም። ምናልባት ሌላ ጊዜ አብሮዎት የሚጮኽ ሰው ቢያሻዎ ግን ጋሽ መዝገቡ ቤታቸው ናቸው፤ የእሳቸው በር አይቆለፍም።