ማክሰኞ ከስምንት እስከ አስር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12



ተማሪዎቼን የማነጋግርበትን ሰዓት የጻፍኩበት ወረቀት ከቢሮዬ በር ላይ ስለተገነጠለ፣ ከአራት ኪሎ ወጥቼ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለች የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፕላስተር ልገዛ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ነጃት ናት። የማማክራት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ! ለካ ሱቁ የአጎቷ ነው።

«ምነው ጠፋሽ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«ተባረርኩ እኮ፣ መምህር።»

ክው አልኩ። የከበዳትን አንድ ኮርስ ለመተው የአማካሪዋ፣ የእኔ ፊርማ ያስፈልጋት ነበር። ሳታስፈርመኝ ቀኑ አለፈ፤ ኮርሱን ወደቀች፤ አማካይ ውጤቷ ዝቅ አለና ተባረረች።

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም? ማክሰኞ ከስምንት እስከ አስር አለሁ ብዬ ለጥፌ የለ?»

«ሦስት ማክሰኞ መጥቻለሁ። በሩ ዝግ ነበር።»

«ውስጥ ነበርኩ እኮ! ለምን አላንኳኳሽም?»

አንገቷን ደፋች። «ትልቅ ሰው በሩን ዘግቶ ሲሠራ እንዴት ብዬ ላንኳኳ? ሲወጡ አገኝዎታለሁ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ክላስ ሲደርስብኝ ሄድኩ።»

በሩን የምዘጋው የኮሪደሩ ጫጫታ ስለሚረብሸኝ ነው። ለዚያ ብቻ! «የዛሬ ልጆች አማካሪ አይፈልጉም» እያልኩ በየሻይ ቤቱ የተመጻደቅኩትስ?

ፕላስተሩን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ያልነገርኳት ነገር አለ። በእነዚያ ማክሰኞዎች፣ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ እግር ቆሞ አይቻለሁ። አንዴ ብቻም አይደለም። የፈለገኝ ያንኳኳል ብዬ፣ የማነበውን ገጽ ገለጥኩ።