በየሳምንቱ ሃያ ሳንቲም ስለሚራመደው ችካል

ለተከበሩ የሰፈራችን የውሃ መውረጃ ቦይ ግንባታ ኃላፊ
ኮልፌ

ክቡርነትዎ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ ጤናዎ የተጠበቀ፣ የቤትዎም ግድግዳ የጸና እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከቤቴ ጀርባ ያስቆፈሩት ቦይ በጅምር ከቀረ ድፍን አሥር ሳምንት ስለሞላው ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

፩. ቦዩ ሲቆፈር አፋፉ ከግድግዳዬ ሦስት ሜትር ይርቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና ሐሙስ ሐሙስ በሥራ ሜትሬ እለካዋለሁ፤ ዝናብ ጣለም አልጣለ፣ በየሳምንቱ ሃያ ሳንቲም ይናዳል፤ አንድም ሳምንት ጨምሮም ቀንሶም አያውቅም። በዚህ ከተማ ቀጠሮ የሚያከብር ነገር ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ባለሙያዎ አቶ ደግፌ ከአፋፉ አንድ ሜትር ለክተው ቀይ ችካል ሲተክሉ፣ ናዳው ችካሉ ጋ ከደረሰ የድጋፍ ግንቡ በአስቸኳይ እንደሚሠራ ቃል ገብተውልን ነበር። እንዳይደርስም ዘዴ አግኝተዋል፤ በየሐሙሱ እየመጡ ችካሉን ይነቅሉና ከአዲሱ አፋፍ እንደገና አንድ ሜትር ለክተው ወደ ቤቴ ያስጠጉታል። መዝገባቸው ላይ አሥር ጊዜ «ርቀት አንድ ሜትር፣ ለውጥ የለም» ተብሎ ሰፍሯል። መዝገቡ እውነቱን ነው፤ ወደ ቦዩ የሚሄደው ቤቴ ሳይሆን አይቀርም።

፫. ትናንት ችካሉ ግድግዳዬን ነካ። ከግድግዳው ወዲህ የባለቤቴ እናት እማማ ሃጂራ ተኝተዋል፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ ሜትር ለሃያ ሳንቲም ሲካፈል አምስት ሳምንት እንደሚሆን ለማወቅ ከእጅጌ ልኬት የበለጠ ሒሳብ አላስፈለገኝም። እውነቱን ልናገር፦ እፈራለሁ። ጎረቤታችን አቶ ወንድሙ በቤተ ክርስቲያናቸው ጸሎት አስይዘውልናል፣ እኛም ዱዓ ላይ ነን፤ የጎደለው የእርስዎ ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ ነው።

በእኛ መከራ ላይ ስላሳዩት የማያልቅ ትዕግሥት እጅ እየነሣሁ፣ ከአፋፉ ልክ አንድ ሜትር ርቃ የምትገኝ አክባሪዎ፣
ሰልሳቢል ፈሀድ፣ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ሐሙስ ችካሉ ሃያ ሳንቲም ወደ መኝታ ቤት ስለሚገባ፣ አቶ ደግፌ ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ ይንገሩልኝ። የሚተከልበት ቦታ የእማማ ሃጂራ ራስጌ ነው። አልጋቸውን ፈቀቅ እንደማደርግላቸው ስነግራቸው፣ ስንት ሐሙስ ፈቀቅ እንደሚሉ ጠየቁኝ፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።