ማኅተሙን ለሰጡኝ

ረቡዕ

አላትምም። አልኩ፣ አልኩ! ጋሽ ወንድሙ በስልክ "አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ወንድሙ እዚህ አሜሪካ፣ የአሌክሳንድሪያው እድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ማኅተሙም እኔ ጋ ነው። እሳቸው፣ ልጆቹ የእድሩን አዳራሽ አቆሸሹ ብለው የቅዳሜውን የአማርኛ ክላስ ሊዘጉት ነው። እንዳትምበት የሰጡኝ ደብዳቤ "አባላት በሙሉ ተስማምተው" ይላል። ማን ተስማማ? ማንም አልተጠየቀም! ግን ክብ ማኅተም ካረፈበት የኛ ሰው አመነ ማለት ነው። አሜሪካ መጥተንም ከማኅተም አልተላቀቅንም።

ልጄ ማርታ ስሟን በፊደል መጻፍ የተማረችው እዚያ ነው። አላትምም።

ሐሙስ

ክሪስታል ሲቲ፣ የምሠራበት ሆቴል፣ ምሳ ሰዓት። ለምማርበት ኮሌጅ የታሪክ ክላስ የደረሰኝ ፔፐር ስለ ድሮ የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለሮች ነው። እነሱ ደግሞ ምኔ ናቸው ብዬ ተናድጄ ነበር። ለካ የኛ ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት ናቸው፤ የንጉሡ ማኅተም እነሱ ጋ ነው!

አንደኛው የንጉሡ ነገር አላምር ሲለው ማኅተሙን መልሶ ቤቱ ገባ። በኋላም ንጉሡ ያዘዘውን መሐላ አልምልም ብሎ አንገቱን ተቀላ። ሌላኛው፣ በሌላ ንጉሥ ዘመን፣ ለንጉሡ እሺ ብቻ ነበር፤ ስንቱን ሰው እንዳሰቀለ! ንጉሡ ከዙፋኑ ተባሮ ሲሸሽ እሱም መርከበኛ መስሎ ሊያመልጥ ሲል ተይዞ፣ እስር ቤት ሞተ። እሺ ባዩም አልተረፈም። እኔን ቢበዛ ከእድር ያስወጡኛል፤ አንገቴ የትም አይሄድ።

ዓርብ

እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮል አደረገች። "ኤርፖርት የተቀበሉሽ እሳቸው፣ ቤት የፈለጉልሽ እሳቸው። ውለታ ቢስ አትሁኚ" አለችኝ። አለቀስኩ። እውነቷን ነው፣ እንደ አባቴ ናቸው። ባልወዳቸው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ውለታ በማኅተም አይከፈልም!

ማርታን "ክላሱ ቢዘጋስ?" ብላት "ኖ ዌይ!" አለች። ይቺ ናት እንግዲህ የአማርኛ ተማሪዬ።

ቅዳሜ

ጋሽ ወንድሙ እንደገና ደወሉ። "ካላተምሽ ማኅተሙን አምጪ!"

ለእርስዎ? የሰጡኝ አባላቱ ናቸው። ቻንስለሩ የመለሰው ለሰጠው ነው። እኔም ለሰጡኝ እመልሳለሁ።

እሑድ

ስብሰባ። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ያልተስማማችሁበትን አላትምም። ይኸው፣ ተረከቡኝ" አልኩ። የእንግሊዙን ሰውዬ ነገርም ነገርኳቸው፤ ማኅተሙን እስከመለሰበት ድረስ ብቻ። ጋሽ ወንድሙ ቀና ብለው አላዩኝም። ጉርምርምታው፣ ጩኸቱ! በመጨረሻ ለድምፅ እጅ ወጣ። ክላሱ ይቀጥላል! ማኅተሙን ግን ለሌላ ሰው ሰጡት። ይውሰዱት።

ወትሮ ከስብሰባ በኋላ በታክሲያቸው ቤት የሚያደርሱን ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ዛሬ ማርታን ይዤ ወደ ባስ ፌርማታ ስሄድ አጠገባችን መጥተው ቆሙ። "ግቡ!" ብቻ። ገባን። ቤት አደረሱን። ስንወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ የዚያ ሰውዬሽ መጨረሻው ምን ሆነ?"

"አንገቱን ቀሉት።"

"ደግ አደረጉ!" ብለው ነድተው ሄዱ።

ሳቁ ልበል? እንጃ። ቅዳሜ ግን ክላስ አለ።